ስፕሊት ሲታወጅ ባለአክሲዮን፣ የኦፕሽን ነጋዴና ሾርት ሻጭ ምን ይፈትሹ?

አንድ ኩባንያ በስፕሊት፣ ማለትም አክሲዮኑን በመከፋፈል፣ አንዱን አክሲዮን አሥር ሲያደርገው የባለቤቱ ሀብት አይጨምርም፣ አይቀንስም። ብዛቱ በአሥር ይባዛል፣ ዋጋው ለአሥር ይካፈላል፣ ስሌቱ በዚህ ያበቃል። ጉዳት የሚመጣው ከስሌቱ ሳይሆን አብሮ ሳይባዛ ወይም ሳይካፈል ከቀረው ነገር ነው፦ ከተረሳ የስቶፕ ትዕዛዝ፣ በአሮጌ ዋጋ ከተጻፈ መዝገብ፣ ሳይነበብ ከታለፈ የኦፕሽን ማስታወቂያ፣ ለእያንዳንዱ አክሲዮን በዶላር ከተወሰነ የማርጂን ወለል። ስቶፕ ዋጋው የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ በራሱ የሚነሳ የግዢ ወይም የሽያጭ ትዕዛዝ ነው፤ ኦፕሽን አክሲዮንን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ ውል ነው፤ ማርጂን ብሮከሩ፣ ማለትም የሚያገበያየው ድርጅት፣ የሚይዘው መያዣ ነው፤ ሾርት ማድረግ የተበደሩትን አክሲዮን መሸጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአሜሪካ ገበያ ደንብ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ቀኖቹንና ምጣኔውን ይለዩ

ማስታወቂያው ውስጥ አራት ቀኖች ይፈልጉ፦ ስፕሊቱ የታወጀበት ቀን፣ የመዝገብ ቀን፣ ተጨማሪዎቹ አክሲዮኖች የሚከፋፈሉበት ቀን፣ በተስተካከለው ዋጋ ግብይት የሚጀመርበት ቀን። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባደረገው 10 ለ 1 ስፕሊት የመዝገብ ቀኑ ሐሙስ ጁን 6 ነበር። አክሲዮኖቹ ዓርብ ጁን 7 ገበያ ከተዘጋ በኋላ ተከፋፈሉ፤ ሰኞ ጁን 10 ገበያው በአዲሱ ዋጋ ተከፈተ። ዓርብ በ1,208.88 ዶላር የተዘጋው አክሲዮን ለሰኞ ማነጻጸሪያው 120.89 ዶላር ገደማ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመዝገብ ቀኑ ላይ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ሲሆን በመዝገብ ቀኑ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ክፍያውን አያገኝም። ስፕሊት እንዲህ አይደለም። ስርጭቱ ከነባሩ አክሲዮን 25 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፊንራ በተባለው የአሜሪካ ብሮከሮች ተቆጣጣሪ ድርጅት ደንብ መሠረት የተስተካከለው ግብይት የሚጀምረው ከስርጭቱ ቀን ቀጥሎ ባለው የሥራ ቀን ነው። ከመዝገብ ቀኑ በኋላ፣ ግን ከዚያ ቀን በፊት የተሸጠ አክሲዮን ዱ ቢል የሚባል ግዴታ ተያይዞበት ይሄዳል፦ ሻጩ የሚደርሱትን ተጨማሪ አክሲዮኖች ለገዢው ያስተላልፋል። ስለዚህ ጁን 7 በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው «የመዝገብ ቀኑ አልፎኛል» ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት አልነበረም፤ ዘጠኙ ተጨማሪዎች የእሱ ነበሩ። በዚያው ቀን በሙሉ ዋጋ ሸጦ ዘጠኙን ለራሱ ለማስቀረት ያሰበም ካለ መንገዱ ዝግ ነው።

ምጣኔውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። «10 ለ 1» አንዱን አሥር ያደርጋል፤ «1 ለ 10» ደግሞ አሥሩን አንድ ያደርጋል፣ ይህም የተገላቢጦሽ ስፕሊት ይባላል። «ለእያንዳንዱ አክሲዮን ሦስት ተጨማሪ» የሚል አነጋገር ካጋጠመዎ 4 ለ 1 ማለት ነው እንጂ 3 ለ 1 አይደለም፤ ነባሩ አንድ አብሮ ይቆጠራል። ጌምስቶፕ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ያደረገው እንዲህ ያለውን ነበር።

ባለአክሲዮን የሚያደርገው

የባለቤትነት ድርሻዎና የድምፅ ክብደትዎ አይለወጡም፤ ሁሉም ባለአክሲዮን በእኩል ምጣኔ ስለሚባዛለት። ለእያንዳንዱ አክሲዮን የሚታሰበው የትርፍ ድርሻ ግን ይካፈላል። ኤንቪዲያ በዚያው ስፕሊት ሰሞን የሩብ ዓመት ክፍያውን ከ4 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም አሳድጎ ነበር። ከስፕሊቱ በኋላ 10 ሳንቲሙ ለአንድ አክሲዮን 1 ሳንቲም ሆኖ ታየ። 4 ሳንቲሙን ከ1 ሳንቲሙ ጋር ያነጻጸረ ሰው «ክፍያው ተቀነሰ» ይላል፤ በእውነቱ ግን ሁለት ዕጥፍ ተኩል ሆኗል።

ከስፕሊቱ በፊት ባለው ሳምንት የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው፣ ሆኖም መዘለል የለበትም። የአክሲዮኑን ብዛት፣ እያንዳንዱን ግዢ ከነቀኑና ከነዋጋው፣ እንዲሁም ክፍት የሆኑ ትዕዛዞችን በሙሉ የሚያሳይ ገጽ ያውርዱና ያስቀምጡ። ከዚያ ክፍት ትዕዛዞቹን በሙሉ በገዛ እጅዎ ሰርዘው በአዲሱ ዋጋ እንደገና ያስገቡ። ብሮከሩ ራሱ ያስተካክለዋል ብሎ መተው አይበቃም። የፊንራ ደንብ ብሮከሩን እንዲያስተካክል የሚያስገድደው የግዢ ትዕዛዞችንና የሽያጭ ስቶፖችን ነው። የሽያጭ ሊሚት (ከተወሰነ ዋጋ በታች አልሸጥም የሚል ትዕዛዝ) እና የግዢ ስቶፕ ከዚህ ግዴታ ውጭ ናቸው። ብዙ ብሮከሮች ከደንቡ አልፈው ሁሉንም ያስተካክላሉ ወይም ሁሉንም ይሰርዛሉ፤ የእርስዎ የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። በተገላቢጦሽ ስፕሊት ጊዜ ደግሞ ደንቡ ቁርጥ ያለ ነው፦ ክፍት ትዕዛዞች በሙሉ ይሰረዛሉ። ጥበቃ ይሆነኛል ብለው ያስቀመጡት የሽያጭ ስቶፕ በዚያ ጠዋት የለም ማለት ነው፤ እንደገና ካላስገቡት ባዶ እጅዎን ነዎት።

የዋጋ ማንቂያዎችን፣ በየወሩ በራሳቸው የሚገዙ ትዕዛዞችንና የራስዎን የኤክሴል ሠንጠረዥም አይርሱ። ሠንጠረዡ ዋጋውን ከኢንተርኔት እየሳበ የአክሲዮኑን ብዛት ግን ከእርስዎ ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ፣ በ10 ለ 1 ስፕሊት ጠዋት 90 ከመቶ ኪሳራ ያሳያል። የብሮከሩ መተግበሪያ ራሱ እንዲህ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ዋጋው ወዲያው ሲስተካከል ተጨማሪዎቹ አክሲዮኖች በሰዓታት፣ አልፎ አልፎም በቀናት ዘግይተው ሊገቡ ይችላሉ። አካውንትዎ ውስጥ 10 አክሲዮን በ120 ዶላር ሲያዩ ደንግጠው አይሽጡ። ገና ያልገቡትን 90 አክሲዮኖችም እንዳሉዎ አስበው ለመሸጥ አይሞክሩ፤ ሲስተሙ ትዕዛዙን ሊመልሰው ወይም ሾርት ሽያጭ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

የግዢ ዋጋ መዝገብ ለብዙዎች ትልቁ ራስ ምታት ነው፣ የሚመጣውም ከዓመታት በኋላ ሲሸጡ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ መደበኛ ስፕሊት ገቢ አይባልም፣ በዕለቱ ግብር አያስከፍልም። የገዙበት ጠቅላላ ዋጋ በአዲሶቹ አክሲዮኖች ላይ ይከፋፈላል፣ የገዙበት ቀንም እንዳለ ይቀጥላል፤ ስፕሊቱ የአንድ ዓመቱን ቆጠራ ከዜሮ አያስጀምርም። ስሌቱ የሚሠራው ግን ለእያንዳንዱ ግዢ ለየብቻው ነው። 6 አክሲዮን በ400 ዶላር፣ ቆይተው ደግሞ 4 አክሲዮን በ900 ዶላር ገዝተው ከነበረ፣ ከ10 ለ 1 በኋላ ያለዎት 60 አክሲዮን በ40 ዶላር እና 40 አክሲዮን በ90 ዶላር ነው። «100 አክሲዮን በ60 ዶላር» ብሎ ማጠቃለሉ ድምሩን አያዛባም፤ 6,000 ዶላር ያው 6,000 ዶላር ነው። ከመካከሉ 40 ብቻ ሲሸጡ ግን ትርፍዎን በተሳሳተ መነሻ ያሰሉታል፤ መጀመሪያ የተገዛው መጀመሪያ ይሸጣል በሚለው ስሌት መነሻው 40 ዶላር ነውና።

ስፕሊቶች ሲደራረቡ ምጣኔዎቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። አፕል ከ1980 ጀምሮ 2 ለ 1 ሦስት ጊዜ፣ 7 ለ 1 አንድ ጊዜ፣ 4 ለ 1 አንድ ጊዜ አድርጓል። በመጀመሪያው ሽያጭ በ22 ዶላር የተገዛች አንዲት አክሲዮን 2 × 2 × 2 × 7 × 4፣ ማለትም 224 አክሲዮን ሆናለች፤ የእያንዳንዷ የግዢ ዋጋም 10 ሳንቲም አይሞላም። ለረጅም ጊዜ የያዙት አክሲዮን ካለ፣ ኩባንያው በድረ ገጹ የሚያወጣውን ቅጽ 8937 የተባለውን የግብር ሰነድ አብረው ያስቀምጡ፤ ስፕሊቱ የግዢ ዋጋውን እንዴት እንደሚነካ በኩባንያው ፊርማ የሚገልጽ ወረቀት ነው።

ቁራጭ አክሲዮን የሚፈጠረው በአብዛኛው በተገላቢጦሽ ስፕሊት ነው። 107 አክሲዮን በ3 ዶላር ገዝተዋል እንበል፤ ጠቅላላ 321 ዶላር። 1 ለ 10 ሲደረግ 10.7 ይሆናል። አሥሩ በአካውንትዎ ይቀራሉ፣ 0.7ቱ በጥሬ ገንዘብ ይመነዘራል። አዲሱ የግዢ ዋጋ ለአንድ 30 ዶላር ስለሆነ የቁራጩ መነሻ 21 ዶላር ነው። አክሲዮኑ በ18 ዶላር ሒሳብ ከተከፈለዎ 12.60 ዶላር ይደርስዎታል፤ 8.40 ዶላሩ ኪሳራ ነው፣ በግብር መግለጫ ላይም እንደ ሽያጭ ይሰፍራል። አንዳንድ ኩባንያ በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ቁራጩን ወደ ሙሉ አክሲዮን ያሳድገዋል። ይህን ለመጠቀም በየብሮከሩ አንዳንድ አክሲዮን የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ኩባንያው ወይም ብሮከሩ ቃሉን ሲለውጥ የሚቀራቸው የወደቀ አክሲዮን ብቻ ነው። የተገላቢጦሽ ስፕሊት የሚያደርግ ኩባንያ ብዙውን ጊዜ ዋጋው የወረደበት መሆኑን መርሳት አይገባም። ናስዳክ ላይ የመግዣ ዋጋው (ገዢዎች የሚያቀርቡት ዋጋ) ለ30 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከ1 ዶላር በታች የቆየ ኩባንያ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ በመደበኛው አሠራር 180 ቀን ይሰጠዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያደረጋቸው የተገላቢጦሽ ስፕሊቶች ተባዝተው 250 ለ 1 ከደረሱ ግን የእፎይታ ጊዜውን ያጣል። አንድ ኩባንያ በዓመት ልዩነት ሁለተኛ የተገላቢጦሽ ስፕሊት ሲያውጅ ካዩ፣ ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ የአክሲዮን ሽያጭ ሊሆን እንደሚችል ገምተው ሰነዶቹን ያንብቡ። ጤነኛ ምሳሌም አለ፦ ሲቲግሩፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 በ1 ለ 10 ከ29 ቢሊዮን ገደማ አክሲዮን ወደ 2.9 ቢሊዮን ወርዶ ዛሬም በገበያው ላይ አለ።

የኦፕሽን ነጋዴ የሚያደርገው

በአሜሪካ የአክሲዮን ኦፕሽኖችን የሚያስተካክለው ኦሲሲ የሚባለው የኦፕሽን ማጽጃ ድርጅት ነው። ለእያንዳንዱ ስፕሊት ማስታወሻ ያወጣል፤ ማስታወሻው አጭር ነው፣ ዋናው ጉዳይ ሁሉ ግን እዚያ ውስጥ አለ። ብሮከርዎ የሚያሳየዎት ቁጥር ከማስታወሻው ጋር ካልተስማማ ትክክሉ ማስታወሻው ነው።

ስፕሊቱ በሙሉ ቁጥር ሲሆን፣ ማለትም 2 ለ 1፣ 4 ለ 1፣ 10 ለ 1፣ ማስተካከያው ቀላል ነው። የውሎቹ ብዛት ይባዛል፣ ስትራይኩ (በውሉ ላይ የተወሰነው የመግዣ ወይም የመሸጫ ዋጋ) ይካፈላል፣ አንድ ውል የሚወክለው 100 አክሲዮን እንዳለ ይቆያል። ባለ 480 ዶላር ስትራይክ 3 የኮል (የመግዛት መብት) ውሎች ቢኖሩዎና እያንዳንዱ በ20 ዶላር ፕሪሚየም (ለአንድ አክሲዮን የሚታሰብ የኦፕሽኑ ዋጋ) ቢነገድ፣ ከ4 ለ 1 በኋላ 12 ውሎች በ120 ዶላር ስትራይክ ይሆናሉ፣ ፕሪሚየሙም ወደ 5 ዶላር ይወርዳል። በፊት 3 × 100 × 20፣ አሁን 12 × 100 × 5፤ ሁለቱም 6,000 ዶላር ነው። ስትራይኩ በእኩል ካልተካፈለ ወደ ሳንቲም ይጠጋጋል፦ 100 ዶላር በ3 ለ 1 ሲካፈል 33.33 ይሆናል። እንዲህ ያሉ ጎደሎ ስትራይኮች ከአዳዲሶቹ ክብ ስትራይኮች ያነሰ ግብይት አላቸው፤ ዘግይተው ለመውጣት ካሰቡ የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ልዩነት ይሰማዎታል።

ውሉን የጻፈው፣ ማለትም የሸጠው ሰውም በዚያው ምጣኔ ይስተካከላል። አንድ ኮል ሸጦ 100 አክሲዮን በመያዣነት የያዘ ሰው ከ10 ለ 1 በኋላ 10 ኮል የሸጠ፣ 1,000 አክሲዮን የያዘ ሰው ነው። ለትንሽ ባለሀብት አንድ እውነተኛ ጥቅም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ከስፕሊቱ በፊት 10 አክሲዮን ብቻ ስለነበረው በላዩ ኮል መሸጥ ያልቻለ ሰው ከስፕሊቱ በኋላ 100 ስላለው አንድ ውል መሸጥ ይችላል። ወጪውም አብሮ ይባዛል። ብሮከሩ ለአንድ ውል 65 ሳንቲም የሚያስከፍል ከሆነ፣ ያንኑ ይዞታ ለመዝጋት ከስፕሊቱ በፊት 65 ሳንቲም የነበረው 6.50 ዶላር ይሆናል። አነስ ያለ ትርፍ የሚለቅሙ ስልቶች በዚህ ብቻ ሊከስሙ ይችላሉ።

ግሪኮቹን፣ ማለትም የኦፕሽን ዋጋ በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለኩትን ቁጥሮች የሚከታተሉ ከሆነ፣ ከስፕሊቱ ጠዋት በፊት ገደቦችዎን እንደገና ያስሉ። በ10 ለ 1 የአንድ ውል ዴልታ (አክሲዮኑ በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ የኦፕሽኑ ዋጋ የሚለወጥበት ልክ) አይለወጥም፤ 0.50 ከነበረ 0.50 ነው። ቴታ (በጊዜ ማለፍ የሚጠፋው ዋጋ) እና ቬጋ (የዋጋ መዋዠቅ ሲለወጥ የሚመጣው ለውጥ) ለአንድ ውል ለአሥር ይካፈላሉ፣ ውሎቹ አሥር ዕጥፍ ስለሆኑ የይዞታው ድምር ያው ነው። ጋማ (ዴልታው ራሱ የሚለወጥበት ልክ) ግን በተቃራኒው ለአንድ ውል በአሥር ይባዛል፤ ምክንያቱም የ1 ዶላር እንቅስቃሴ አሁን በመቶኛ ሲታይ አሥር ዕጥፍ ከፍ ያለ ነው። ውሎቹም በአሥር ስለተባዙ የይዞታው ጋማ በቁጥር መቶ ዕጥፍ ሆኖ ይታያል። አደጋው አልጨመረም፤ ለ1 ከመቶ እንቅስቃሴ የሚደርሰው የዶላር ለውጥ ያው ነው። በአሮጌው ቁጥር የተቀመጠ የጋማ ገደብ ግን ጠዋት ሁሉንም ነገር በቀይ ያበራል፣ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ከሆነም ያለምክንያት ይዞታ ይዘጋል።

እንደ 3 ለ 2 ባለው ስፕሊት ላይ የውሎቹ ብዛት አይለወጥም፤ አንድ ውል የሚያስረክበው 150 አክሲዮን ይሆናል። ስትራይኩና ማባዣው (ዋጋው የሚባዛበት ቁጥር) እንዴት እንደተያዙ ከማስታወሻው ያንብቡ፤ ከመደበኛው ልማድዎ ተነስተው በ100 አያሰሉ።

አሁን ብዙ ገንዘብ ወደሚጠፋበት፣ ወደ ተገላቢጦሽ ስፕሊት እንምጣ። እዚህ ላይ ስትራይኩ አይባዛም፣ የውሎቹ ብዛትም አይቀነስም። የሚለወጠው ውሉ የሚያስረክበው አክሲዮን ነው፣ ከምልክቱ ጀርባም 1 የሚል ቁጥር ይጨመርበታል። አንድ አክሲዮን 2 ዶላር ነው፣ እርስዎ ባለ 3 ዶላር ስትራይክ ኮል አለዎት እንበል። ኩባንያው 1 ለ 10 ያደርጋል፣ አክሲዮኑ 20 ዶላር ሆኖ ይከፈታል። የእርስዎ ኮል አሁንም ባለ 3 ዶላር ስትራይክ ነው፤ የሚያስረክበው ግን 10 አዲስ አክሲዮን ነው። ስክሪኑ ላይ 3 ዶላርን ከ20 ዶላር ጋር ያየ ሰው ትልቅ ትርፍ ላይ ያለ ይመስለዋል። ውሉን ቢያስፈጽም 3 × 100፣ ማለትም 300 ዶላር ከፍሎ 200 ዶላር የሚያወጡ 10 አክሲዮኖችን ይረከባል። 100 ዶላር በአየር ላይ ጠፋ። ይህ ኮል ትርፍ ውስጥ የሚገባው አዲሱ አክሲዮን 30 ዶላርን ሲያልፍ ብቻ ነው። ባለ 3 ዶላሩ ፑት (የመሸጥ መብት) ደግሞ በተቃራኒው ዋጋ የሌለው ይመስላል፣ በእውነቱ ግን 100 ዶላር ውስጣዊ ዋጋ ይዟል።

መፍትሔው አንድ መስመር ስሌት ነው፦ የአክሲዮኑን አዲስ ዋጋ ውሉ በሚያስረክበው አክሲዮን ብዛት ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ ያገኙትን ከስትራይኩ ጋር ያነጻጽሩ። 20 × 10 ÷ 100 = 2፤ 2 ደግሞ ከ3 ያንሳል። ምጣኔው በእኩል ካልተካፈለ፣ ለምሳሌ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳደረገው 1 ለ 8 ከሆነ፣ 100 አክሲዮን 12.5 ይሆናልና ግማሿ በጥሬ ገንዘብ ትታሰባለች። በስሌቱ ላይ ይህን ጥሬ ገንዘብ መጨመር አይርሱ።

በርካሽ የሚሸጥ የሚመስል፣ ከምልክቱ ጀርባ ቁጥር ያለው ኮል ካጋጠመዎ አስቀድመው የሚያስረክበውን አክሲዮን ይመልከቱ፤ ገበያው ነጻ ገንዘብ አላስቀመጠልዎም። የተስተካከሉት ውሎች አዲስ ስትራይክና አዲስ ማብቂያ ቀን ስለማይጨመርባቸው፣ ነጋዴው ወደ መደበኛዎቹ አዲስ ውሎች ስለሚሄድ፣ መግቢያና መውጫው በየሳምንቱ ይጠባል። ማብቂያው ብዙ ወር የቀረው ውል ካለዎትና የተገላቢጦሽ ስፕሊት ከታወጀ፣ ከስፕሊቱ በፊት ዘግቶ መውጣት በአብዛኛው ይሻላል። ከቆዩ ግን በገበያ ዋጋ ትዕዛዝ ሳይሆን በሊሚት ይውጡ።

ሾርት ሻጭ የሚያደርገው

ሾርት ሻጭ አክሲዮን ተበድሮ ሸጧል። ስፕሊት ሲመጣ ዕዳው በአክሲዮን ቁጥር ይባዛል፣ በዶላር ግን አይንቀሳቀስም። በ40 ዶላር 100 አክሲዮን ሾርት ያደረገ ሰው ከ4 ለ 1 በኋላ 400 አክሲዮን በ10 ዶላር የሚመልስ ባለዕዳ ነው። ስፕሊቱ በአክሲዮን ስርጭት ስም ቢደረግም ውጤቱ ያው ነው። የጌምስቶፕ ስፕሊት ሲታወጅ ሾርት ሻጮች ተጨማሪዎቹን አክሲዮኖች ከገበያ ገዝተው ለማስረከብ ይገደዳሉ የሚል ወሬ በሰፊው ተነዝቶ ነበር። እንዲህ አይሠራም። የብድሩ መዝገብ በምጣኔው ይስተካከላል፣ በዕለቱ የሚገዛ ነገር የለም። አበዳሪው አክሲዮኑን የመጥራት መብቱ ግን ከስፕሊቱ በፊትም በኋላም አለ፤ ይህን ከስፕሊቱ ጋር አያምታቱት።

የሚለወጠው ማርጂኑ ነው፣ ይህን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። በፊንራ ደንብ 4210 ዋጋው 5 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሾርት የተደረገ አክሲዮን የሚጠየቀው ዝቅተኛ ማቆያ ማርጂን 30 ከመቶ ወይም ለአንድ አክሲዮን 5 ዶላር ነው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ከ5 ዶላር በታች ከሆነ ደግሞ 100 ከመቶ ወይም ለአንድ አክሲዮን 2.50 ዶላር፣ አሁንም የሚበልጠው። መቶኛው በስፕሊት አይነካም፤ በዶላር የተቆረጠው ወለል ግን ለእያንዳንዱ አክሲዮን ስለሚታሰብ አክሲዮኖቹ ሲበዙ ይበዛል። ከላይ ባለው ምሳሌ ከስፕሊቱ በፊት በ40 ዶላር 30 ከመቶው 12 ዶላር ነበር፣ ለ100 አክሲዮን 1,200 ዶላር። ከስፕሊቱ በኋላ በ10 ዶላር 30 ከመቶው 3 ዶላር ብቻ ስለሆነ የ5 ዶላሩ ወለል ይይዛል፤ ለ400 አክሲዮን 2,000 ዶላር። ዋጋው አንድ ሳንቲም ሳይንቀሳቀስ 800 ዶላር ተጨማሪ መያዣ ተጠየቀ። ድንበሩ 16.67 ዶላር ነው፤ ስፕሊቱ ዋጋውን ከዚህ በታች የሚያወርደው ከሆነ አስቀድመው ገንዘብ ያዘጋጁ። ከዚያ በላይ ከቀረ፣ እንደ ኤንቪዲያ 120 ዶላር ላይ፣ ወለሉ አይነካዎትም። ብሮከሮች ከዚህ ዝቅተኛ ልክ በላይ ስለሚጠይቁ የራስዎን ብሮከር ልክ በዚሁ መንገድ ያስሉት።

የተገላቢጦሹ ተቃራኒውን ያደርጋል። 1,000 አክሲዮን በ1 ዶላር ሾርት ያደረገ ሰው በ2.50 ዶላሩ ወለል 2,500 ዶላር ይያዝበታል፤ ሸጦ ያገኘው 1,000 ዶላር ብቻ ሆኖ ሳለ። ከ1 ለ 10 በኋላ 100 አክሲዮን በ10 ዶላር ስለሚሆን ዝቅተኛው 500 ዶላር ነው። የተለቀቀውን ገንዘብ ወዲያው በሌላ ሾርት ላይ ማዋል ግን አደገኛ ልማድ ነው፤ የተገላቢጦሽ ስፕሊት ካደረጉ ትንንሽ ኩባንያዎች አንዳንዶቹ በገበያ ላይ ያለው አክሲዮናቸው ስለሚያንስ በትንሽ ግዢ በአንድ ቀን በጣም ይዘላሉ፣ የመበደሪያ ወለዱም ያሻቅባል።

የመበደሪያ ወለዱ ስሌት ላይም የማይታይ ለውጥ አለ። በብዙ ብሮከሮች ወለዱ የሚታሰበው በአክሲዮኑ ዋጋ 102 ከመቶ ላይ ነው፣ ውጤቱም ወደሚቀጥለው ሙሉ ዶላር ከፍ ይደረጋል። በ40.20 ዶላር ይህ 41.004 ሆኖ ወደ 42 ያድጋል። ከ4 ለ 1 በኋላ በ10.05 ዶላር 10.251 ሆኖ ወደ 11 ያድጋል፣ በአራት ሲባዛ 44። ልዩነቱ እዚህ ትንሽ ነው። 1.10 ዶላር በሆነ አክሲዮን ላይ ግን 1.122ቱ ወደ 2 ዶላር ያድጋልና ከእውነተኛው ዋጋ እጥፍ በሚጠጋ መነሻ ላይ ወለድ ይከፍላሉ።

የሾርት ሻጭ ዋነኛ ጥበቃ የግዢ ስቶፕ ነው፣ ይህ ደግሞ ብሮከሩ እንዲያስተካክል ከማይገደድባቸው ትዕዛዞች አንዱ መሆኑ ከላይ ተነግሯል። በ1,300 ዶላር የተቀመጠ የግዢ ስቶፕ፣ አክሲዮኑ 120 ዶላር ሆኖ ሲከፈት፣ አሥር ዕጥፍ ካልወጣ በቀር አይነሳም። ብዛቱም በአሮጌው ቁጥር ከቀረ ሌላ ጉድለት አለ፦ 100 አክሲዮን ሲገዛ 900 ሾርት ሆነው ይቀራሉ፣ እርስዎ ግን ይዞታው የተዘጋ ይመስልዎታል። ስለዚህ ስቶፑን ዋጋውንም ብዛቱንም ለውጠው ያስገቡ።

የሾርት ብዛት ቁጥሮችን ሲያነቡ ከስፕሊቱ በፊት የወጣው ዘገባ መስተካከሉን ያረጋግጡ። ፊንራ በወር ሁለት ጊዜ የሚያወጣውን አኃዝ ያልተስተካከለ ታሪክ ከያዘ ድረ ገጽ ጋር ያነጻጸረ ሰው «ሾርቱ በአሥር ዕጥፍ አደገ» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሾርቱን በዕለታዊ የግብይት ብዛት አካፍሎ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያሳየው ልኬት ሁለቱም ወገን ስለሚባዙ በስፕሊቱ ብቻ አይለወጥም፤ ንጽጽሩን በእሱ ያድርጉ።

በተስተካከለው ዋጋ የመጀመሪያው ጠዋት

ገበያው ከመከፈቱ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። የአክሲዮኑ ብዛት አስቀድሞ ካወረዱት ገጽ ጋር በምጣኔው ተባዝቶ ይገጥማል ወይ? የእያንዳንዱ ግዢ ዋጋና ቀን ለየብቻው ተካፍሏል ወይ? የኦፕሽን ውሎቹ ብዛት፣ ስትራይክና የሚያስረክቡት አክሲዮን ከኦሲሲ ማስታወሻ ጋር አንድ ናቸው ወይ? ሾርቱ ቁጥሩ ተባዝቷል፣ የማርጂን ጥያቄው ባሰሉት ልክ ነው ወይ? ክፍት ትዕዛዞቹ ከአዲሱ ዋጋ አጠገብ ናቸው ወይ?

አንዱ ካልገጠመ በዚያ አክሲዮን ላይ አይነግዱ። በተሳሳተ ብዛት ላይ የተሠራ ሽያጭ ስህተቱን ሁለት ያደርገዋል፤ ብሮከሩ ኋላ ሲያርመው የትኛው የእርስዎ ትዕዛዝ፣ የትኛው የእርምት መዝገብ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። የስክሪኑን ምስል ከነሰዓቱ ያንሱ፣ ከስፕሊቱ በፊት ያወረዱትን ገጽ አያይዘው ለብሮከሩ የኮርፖሬት አክሽን ክፍል በጽሑፍ ይላኩ፣ መልእክቱም ውስጥ «መሆን ያለበት ይህ፣ የሚታየው ያ» ብለው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የኦፕሽን ማብቂያ ወይም የማርጂን ጥሪ በዚያው ቀን ካለብዎ በጽሑፍ ከላኩ በኋላ ስልክ ይደውሉ፣ ያነጋገረዎትን ሰው ስምና የጉዳዩን ቁጥር ይመዝግቡ።